ዳኛዋ ታማሚዋ ናት

በእኛ አገር መርዶ ደንብ አለው። ዘመድና ጎረቤት ይመክራል፣ ነጋሪው ይመረጣል፣ ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል። ይህን ደንብ ይዘው አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሆስፒታል ውስጥ የገጠማቸው ሌላ ነው። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ በሽታው እንደማይድን ለራሱ ለታማሚው ይነግረዋል። ለሐኪሙ ይህ መብት ማክበር ነው፤ ለቤተሰቡ ጭካኔ። የውብዳር በየነ የተባሉ ተመራማሪ በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ግጭት አሳይተዋል፤ ክፉ ወሬ አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ተነግሮ፣ ጊዜና ቦታ ተመርጦለት ለታማሚው ይድረስ ነው የሚሉት።

ይህን ለነርስ ተማሪ እንዴት ያስተምሩታል?

ጥያቄውን ቀድመው ካነሱት አንዷ አሜሪካዊቷ ነርስ ማደሊን ላይኒንገር ናቸው። በ1950ዎቹ የአእምሮ ችግር ያለባቸውን ሕፃናት ሲንከባከቡ፣ ልጆቹ የሚሹት እንክብካቤ እንደ አስተዳደጋቸው እንደሚለያይ አስተዋሉ። አንትሮፖሎጂ ተማሩ፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሄደው ከጋድሰፕ ሕዝብ ጋር ኖሩ፣ በ1974 ባህልን ያገናዘበ የነርስነት ዘርፍ ማኅበር መሠረቱ። ሥራቸው ትልቅ ነው። ችግሩ የመጣው በመማሪያ መጻሕፍቱ በኩል ይመስለኛል፦ ለእያንዳንዱ ሕዝብ አንድ ምዕራፍ፣ ምን ይበላል፣ እንዴት ይወልዳል፣ እንዴት ይቀብራል። ኢትዮጵያውያን ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ የሚል ዓረፍተ ነገር የሸመደደች ተማሪ፣ ሙስሊሙን ወይም ጴንጤውን ታማሚ ስታገኝ ምን ልታደርግ ነው?

የኒውዚላንዱ መንገድ ከዚህ ይለያል። እዚያ ባይተዋር የሆነው የአገሩ ባለቤት ነው። ማኦሪዎች በ1840 ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር የዋይታንጊን ውል ቢፈራረሙም መሬታቸውን አጥተዋል፣ ጤናቸውም ከነጮቹ አንሶ ኖሯል። ሆስፒታል ሲገቡ ደግሞ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ያስቀይሟቸዋል። በማኦሪ ዘንድ ራስ የተቀደሰ ነው፤ ራስ ያረፈበትን ትራስ እግር ሥር ማድረግ፣ የሽንት መቀበያ ዕቃ ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ማኖር ነውር ነው። እንግዴ ልጅም ይቀበራል እንጂ ከሆስፒታል ቆሻሻ ጋር አይቃጠልም። (ይህስ ለእኛ እናቶችም እንግዳ አይደለም።)

በ1988 በአንድ ስብሰባ ላይ አንዲት ማኦሪ የነርስ ተማሪ ተነስታ፣ ስለ ሕግና ስለ ሥነ ምግባር ደኅንነት ትነግሩናላችሁ፣ የባህል ደኅንነትስ የት አለ አለች። ሐሳቡን ይዘው የገፉበት ማኦሪዋ ነርስ ኢሪሃፔቲ ራምስደን ናቸው። የራምስደን መልስ ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ ተማሪው የማኦሪን ልማድ ከመሸምደዱ በፊት ራሱን ይመርምር አሉ። ምን ያምናል? በታማሚው ላይ ምን ሥልጣን አለው? የአገሩ ታሪክ ማንን ከላይ ማንን ከታች አደረገ? እንክብካቤው ደህና ነበር አልነበረም ብሎ የሚፈርደውም ታካሚው እንጂ ነርሱ አይደለም። በ1992 የአገሪቱ የነርሶች ምክር ቤት ይህን የትምህርቱ ግዴታ አደረገው። ጋዜጦች ጮኹ፣ ነገሩ ፓርላማ ድረስ ደረሰ። ራምስደን በ2003 ዐረፉ፤ ግዴታው ግን አለ።

ይህ የባሕር ማዶ ወሬ የሚመስለው ካለ፣ ከ80 በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገራችን አንድ ተመራቂ ነርስ ከተወለደበት ርቆ የሚመደብበትን ጤና ጣቢያ ያስብ። እናቶች ለምን ቤት መውለድ እንደሚመርጡ ሲጠየቁ፣ በጀርባ መተኛቱን፣ ቤተሰብ ደጅ መቅረቱን፣ ገንፎ አለመኖሩን ያነሳሉ። አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ገንፎና ቡና ወደ ወላዶች ማቆያ ያስገቡት እንዲህ ያለውን ሰምተው ነው። ማተብንም ውሰዱ። ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀን ሰው ማተብ በመቀስ ቁርጥ ማድረግ ለነርሷ የንጽሕና ጉዳይ ነው፤ ራሱ አውልቆ ለቤተሰቡ እንዲሰጥ መጠየቅ ግን ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ነርስ ተማሪ በተግባር ሲፈተን ብዙውን ጊዜ ምልክት የሚያኖረው አስተማሪ ነው፦ ሰላምታ ሰጠ፣ ሥራውን አስረዳ፣ መጋረጃ ዘጋ። ከዋርድ ልምምድ ውጤት ጥቂቱን ታካሚዎች ቢሰጡስ? አንድ እንቅፋት አለ፤ ይሉኝታ። የእኛ ታማሚ ፊት ለፊት ከተጠየቀ «ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር ሌላ አይወጣውም። ስለዚህ ጠያቂው ሌላ ሰው ይሁን፣ በታማሚው ቋንቋ ይጠይቅ፣ ጊዜውም ታማሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ይሁን።