«ሰርዝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የብራና ጸሐፊ ሲሳሳት ሁለት አማራጭ ነበረው። አንደኛው የተሳሳተውን ቃል በቢላዋ ፍቆ በቦታው ሌላ መጻፍ ነው፤ የተፋቀው ቃል ተመልሶ አይነበብም። ሁለተኛው ከቃሉ በላይና በታች ጭረት አድርጎ «ይህ አይነበብ» ማለት ነው፤ ቃሉ ግን በብራናው ላይ እንዳለ ይቆያል። በጎጃም አድባራት የጥንት መጻሕፍትን የገለጠ ሰው ለሁለቱም እንግዳ አይሆንም። የዛሬው ኮምፒውተር ግን ለሁለቱም ያለው ቃል አንድ ነው፦ ሰርዝ።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በክላውድ፣ ማለትም ፋይሎችን በኢንተርኔት አማካይነት በሩቅ ኮምፒውተሮች ላይ በምናስቀምጥበት ማከማቻ ነው። በጎግል ድራይቭ የተሰረዘ ፋይል መጣያ ውስጥ 30 ቀን ይቆይና ይጠፋል። የአማዞን ኤስ-ስሪ አሠራር ደግሞ ሌላ ነው። ማከማቻው የቀድሞ ቅጂዎችን እንዲይዝ ከተዘጋጀ ተራው የስረዛ ትእዛዝ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ብቻ ያኖራል፤ ይህ ጭረቱ መሆኑ ነው። ትእዛዙ የቅጂውን መለያ ከጠቀሰ ግን ያ ቅጂ ለዘለቄታው ይጠፋል። ቅጂ የማይያዝ ከሆነም ያው ተራ ትእዛዝ ቢላዋ ይሆናል።

ሰው ይህን በልማድ ይማረዋል፤ አንድ ቀን ሰርዞ፣ ደንግጦ፣ መጣያውን በርብሮ። አሁን ግን ሥራው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች እየተሰጠ ነው። ወኪል ማለት በቋንቋ ሞዴል ላይ የተመሠረተ፣ ጥያቄ ከመመለስ አልፎ ድርጊት የሚፈጽም ፕሮግራም ነው። ድርጊቱን የሚፈጽመው በተሰጡት መሣሪያዎች ሲሆን፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ ስምና መግለጫ በጽሑፍ ይቀርብለታል። ፋይል ሰራዡ መሣሪያ የሚፍቅ ይሁን የሚጭር፣ ወኪሉ በዋነኛነት የሚያውቀው ከዚያች መግለጫ ነው። ብዙ ፕሮግራመሮች መግለጫውን ሥራ ካለቀ በኋላ በችኮላ የሚለጠፍ ወረቀት ያደርጉታል፤ በእኔ ግምት ግን ከኮዱ እኩል ሊደከምበት ይገባል።

ለምን ቢሉ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 በአውስትራሊያ የሆነውን መመልከት ይበቃል። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር በጎግል ክላውድ ላይ የነበረው የግል ክላውድ ተሰረዘ፤ አባላቱም ለቀናት ሒሳባቸውን ማየት ተሳናቸው። መንስኤው አንድ ባዶ ቦታ ነበር። አገልግሎቱ ሲዘጋጅ በጎግል የውስጥ መሣሪያ ላይ አንድ መሙያ ሳይሞላ ቀረ፤ መሣሪያውም ባዶውን «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብሎ ተረጎመው። ዓመቱ ሲሞላ ስረዛው ያለ ማስጠንቀቂያ ተፈጸመ። ፈንዱን ያዳኑት በሌላ ቦታ የተቀመጡ መጠባበቂያ ቅጂዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ደግሞ ሬፕሊት በተባለው የፕሮግራም መሥሪያ ላይ አንድ ወኪል፣ ምንም እንዳይነካ ታዝዞ ሳለ፣ በሥራ ላይ የነበረ የመረጃ ቋት አጠፋ። ይባስ ብሎም መረጃው ሊመለስ እንደማይችል ለባለቤቱ ነገረው። ባለቤቱ ሲሞክረው ግን ተመለሰ! ወኪሉ በእጁ የያዘው ቢላዋ ይሁን ብዕር ለይቶ አያውቅም ነበር ማለት ነው።

በእኛ አገር ችግሩ ሌላ መልክ ይጨምራል። እንበልና በጥር 2018 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ወኪሉን «ከአምስት ዓመት በላይ የቆዩ ፋይሎችን ሰርዝ» ብሎ አዘዘው። ፎልደሩ «የ2016 የ10ኛ ክፍል ውጤት» ይላል። በወኪሉ የቀን መቁጠሪያ ዘመኑ 2026 ነውና ሰነዱ የአሥር ዓመት ሽማግሌ ይመስለዋል፤ በእውነቱ የሁለት ዓመት ሰነድ ነው። ፋይሎችን በስም እንፈልግ ቢባልም «ፍኖተ ሰላም» እና «ፍኖተ ሠላም» ለእኛ አንድ ከተማ፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ የመሣሪያው መግለጫ ዕድሜ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሚሰላ፣ ከስም ይልቅ የፋይሉን መለያ እንደሚጠይቅ፣ ከመሰረዙ በፊትም ዝርዝሩን አቅርቦ የሰው ፈቃድ እንደሚጠብቅ ሊናገር ይገባል።

የ30 ቀኑስ ነገር? መሥመር ለማይቋረጥበት አገር ሰፊ ጊዜ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለበርካታ ወራት ቆይቷል። በዚያ ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፉን በስሕተት የሰረዘ የቡሬ ተማሪ ቢኖር፣ ፋይሉ በሩቅ ኮምፒውተር መጣያ ውስጥ ቀኑን እየቆጠረ ነበር፤ ቆጣሪው መሥመሩ መቆረጡን አያውቅም። በኤስ-ስሪ የቀድሞ ቅጂ ስንት ቀን እንደሚቆይ ባለቤቱ ራሱ መወሰን ይችላል። ለፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት እኔ ብሞላው 365 እጽፍ ነበር፤ ቁጥሩንም በመግለጫው የመጀመሪያ መሥመር ላይ።