ድርቅና አውሎ ነፋስ በበቆሎ ላይ፦ ጉዳቱን የሚወስነው የሚመጡበት ቀን ነው

አዮዋ፣ ኢሊኖይ፣ ኢንዲያና፣ ነብራስካና ሚኒሶታ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የሚገኙ፣ በቆሎና አኩሪ አተር በስፋት የሚመረትባቸው ግዛቶች ናቸው። መሬቱ ለምና ሜዳማ ነው፤ እርሻው በትላልቅ ማሽኖች ይከናወናል፤ ማሳው ግን በአብዛኛው የሚጠብቀው እንደ እኛው ሀገር ማሳ የሰማይ ዝናብን ነው። በዚህ ምክንያት ድርቅና ከባድ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ የአካባቢውን አርሶ አደር በየጊዜው ይፈትኑታል።

ይሁን እንጂ ያለፉት ዓመታት ተሞክሮ እንደሚያሳየው ተመሳሳይ ድርቅ በአንዱ ዓመት ምርቱን አውድሞ በሌላው ዓመት ሳይጎዳ ሊያልፍ ይችላል። ተመሳሳይ ነፋስም አንዱን ማሳ ለመቃብር ሲዳርገው ሌላው በሳምንቱ ቀና ብሎ ይታያል። ልዩነቱ የሚመነጨው በዋናነት አደጋው ሰብሉን በየትኛው የዕድገት ደረጃ ላይ እንዳገኘው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ድርቆች፣ ሁለት ውጤቶች

በ2012 የጸደይ ወራት የመካከለኛው ምዕራብ አርሶ አደሮች በቆሏቸውን ከተለመደው ጊዜ ቀድመው ዘርተው ነበር። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴርም በሜይ ወር የሀገሪቱ አማካይ ምርት በሄክታር ወደ 104 ኩንታል እንደሚደርስ ተንብዮ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ጠፋ። ጁላይ 2012 በወቅቱ በነበረው መዝገብ በአሜሪካ ዋና ምድር ከተመዘገቡት ወራት ሁሉ እጅግ ሞቃታማው ሆነ። በመጨረሻ የተሰበሰበው አማካይ ምርት በሄክታር ወደ 77 ኩንታል ብቻ ነበር። በኢሊኖይ ግዛት ደግሞ ወደ 66 ኩንታል ወረደ።

በ2023ም ሰፊ ድርቅ ተከሰተ። የሜይ መጨረሻና የጁን ወር ደረቅ ስለነበሩ የበቆሎው ቅጠል ይጠቀለል ጀመር፤ ብዙዎችም የ2012 ታሪክ ሊደገም ነው ብለው ሰጉ። ነገር ግን በጁን መጨረሻና በጁላይ ዝናብ መጣ። በዚያ ዓመት የሀገሪቱ አማካይ ምርት በሄክታር 111 ኩንታል ገደማ በመድረስ እስከዚያ ድረስ ከታየው ሁሉ ከፍተኛው ሆነ። በ2012 ወደ 66 ኩንታል የወረደችው ኢሊኖይም በሄክታር ወደ 129 ኩንታል አመረተች።

የተሻሻሉ ዝርያዎች ለዚህ ውጤት ድርሻ ነበራቸው። ትልቁ ልዩነት ግን በ2023 ዝናቡ በቆሎው ከማበቡ ጥቂት ቀደም ብሎ መድረሱ ነው።

በቆሎ ውኃ በጣም የሚሻባቸው ቀናት

በቆሎ ሁለት ዓይነት አበባ አለው። ወንዴው አበባ በተክሉ አናት ላይ ወጥቶ ብናኙን ይረጫል። ሴቴው አበባ ከእሸቱ ጫፍ የሚወጣው ፀጉር ነው። እያንዳንዱ ፀጉር በውስጥ ከአንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ብናኝ ካልደረሰው ያቺ ፍሬ አትፈጠርም።

ይህ ሁሉ የሚከናወነው በአንድና በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ነው። ፀጉሩ አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ስለሆነ ተክሉ ሲጠማ ፀጉሩ ሳይወጣ ይዘገያል። ብናኙ ግን ቀኑን ጠብቆ ይረገፋል። ስለዚህ ፀጉሩ ዘግይቶ ሲወጣ የሚቀበለው ብናኝ ያጣል። እሸቱ ሲላጥ እንደ ወለቀ ጥርስ እዚህም እዚያም ባዶ ቦታ የሚታየው፣ ጫፉም ያለ ፍሬ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በእነዚህ ቀናት የሚደርስ ብርቱ የውኃ እጥረት በእያንዳንዱ ቀን እስከ 9 በመቶ የሚደርስ ምርት ሊያሳጣ ይችላል። ፍሬ ሳይዝ የቀረውን እሸት ደግሞ ኋላ የሚመጣ ዝናብ አይሞላውም።

ከአበባ በፊት የሚመጣ መጠነኛ ድርቅ ግን ይህን ያህል አይጎዳም። ወጣቱ በቆሎ ቅጠሉን ጠቅልሎ ውኃውን ይቆጥባል፤ ሥሩንም ወደ ታች ይሰድዳል።

አኩሪ አተር ከበቆሎ የሚለየው ለሳምንታት እየተከታተለ የሚያብብ በመሆኑ ነው። የመጀመሪያው አበባ ቢረግፍ ተከታዩ ሊተካው ይችላል። በ2012 በኦገስት ወር የአኩሪ አተር ምርት በሄክታር ወደ 24 ኩንታል እንደሚሆን ተገምቶ ነበር። በወቅቱ ማብቂያ ዝናብ ያገኙ አካባቢዎች ስለነበሩ የመጨረሻው ውጤት ወደ 27 ኩንታል ተሻሻለ። በቆሎው ግን ይህ ዕድል አልነበረውም።

ነፋሱ ያገኘው ቁመና

ኦገስት 10 ቀን 2020 ከነብራስካና ከደቡብ ዳኮታ ድንበር አካባቢ የተነሳ የነጎድጓድ ደመና ሰልፍ በ14 ሰዓታት ውስጥ 1 ሺህ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ኦሃዮ ደረሰ። እንዲህ ያለው ማዕበል ዴሬቾ ይባላል፤ ቃሉ በስፓኒሽ «ቀጥታ» ማለት ነው። ስያሜውን በ1888 የሰጡት በአዮዋ ይኖሩ የነበሩት ሳይንቲስት ጉስታቩስ ሂንሪክስ ናቸው። ዴሬቾ እንደ ቶርኔዶ አይሽከረከርም። ከደመናው ውስጥ የሚወርደው ቀዝቃዛና ከባድ አየር መሬት ሲደርስ ወደ ፊት ይገፋል፤ በፊቱ ያለውን ሞቃት አየር ወደ ላይ እያነሳም ሌላ ደመና ይፈጥራል። በዚህ ሁኔታ ራሱን እያደሰ ረጅም ርቀት ይጓዛል።

በአዮዋ ሲዳር ራፒድስ ከተማ አካባቢ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት እስከ 225 ኪሎ ሜትር እንደደረሰ በህንፃዎች ላይ ከታየው ጉዳት ተገምቷል። ከተማዋ ከዛፎቿ ሽፋን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አጣች፤ ብዙ ነዋሪዎችም ለቀናት ያለ መብራት ቆዩ። የማዕበሉ አጠቃላይ ኪሳራ 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በአሜሪካ ታሪክ በአንድ የነጎድጓድ ማዕበል ከደረሱት ጉዳቶች ከፍተኛው ነው።

ማዕበሉ የደረሰው በቆሎው ቁመቱን ጨርሶ ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ነበር። በዚህ ዕድሜ የወደቀ አገዳ መልሶ አይነሳም። መሬት የነካው እሸት ይሻግታል፤ ከአፈር ጋር የተጣበቀውን አገዳም ኮምባይነር ሊያነሳው አይችልም። በአዮዋ ወደ 340 ሺህ ሄክታር የሚሆን ሰብል ሳይሰበሰብ ቀረ። ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ እህል ሊይዙ የሚችሉ የንግድ ጎተራዎችም ወደሙ ወይም ክፉኛ ተጎዱ። ስለዚህ ከነፋሱ የተረፈውን እህል የት እናስቀምጥ የሚለው ሌላ ጭንቀት ሆነ። ማሳ ላይ የቀረው ፍሬ ደግሞ በተከታዩ ዓመት በአኩሪ አተር መካከል እንደ አረም በቀለ።

ጁን 29 ቀን 2023 ሌላ ዴሬቾ ኢሊኖይንና ኢንዲያናን አቋርጦ አለፈ። በዚያ ጊዜ በቆሎው ገና ወጣት ነበር። በዚህ ዕድሜ ከሥሩ ያዘነበለ በቆሎ አገዳው እስካልተሰበረ ድረስ በቀናት ውስጥ ጎበጥ ብሎ ወደ ብርሃን ይቃናል። ከነፋሱ ጋር የመጣው ዝናብም ለተጠማው ማሳ እፎይታ ነበር።

በረዶም በዚሁ ሕግ ይመራል። በቆሎ አምስትና ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ የዕድገቱ እምብርት ከአፈር በታች ስለሆነ ቅጠሉ በሙሉ ቢረግፍ እንኳ እንደገና ያቆጠቁጣል። ወንዴው አበባ በሚወጣበት ጊዜ ቅጠሉን በሙሉ ያጣ ማሳ ግን ምርት አይጠበቅበትም።

ድርቅ ለነፋስ መንገድ ሲጠርግ

ሁለቱ አደጋዎች ሲከታተሉ አንዱ ለሌላው መንገድ ይጠርጋል። በ2020 የአዮዋ ምዕራብ ማዕከላዊ ክፍል ዴሬቾው ከመድረሱ በፊት በብርቱ ድርቅ ውስጥ ነበር። የተጠማ በቆሎ ፍሬውን ለመሙላት በአገዳው ውስጥ ያከማቸውን ስኳር አሟጦ ይጠቀማል። በዚህም አገዳው ባዶና ደካማ ይሆናል፤ ለመበስበስም ይጋለጣል። በግንዱ ዙሪያ የሚወጡት ደጋፊ ሥሮችም ደረቅና ጠንካራ አፈር ውስጥ በሚገባ መግባት ያቅታቸዋል። እንዲህ ያለውን ማሳ ለመጣል በመከር ሰሞን የሚነሳ ተራ ነፋስ ሊበቃ ይችላል። ስለሆነም የግብርና ባለሙያዎች ድርቅ የጎበኘውን ማሳ አገዳውን በጣት በመጫን እንዲፈትሹትና የላላውን አስቀድመው እንዲሰበስቡት ለአርሶ አደሮች ይመክራሉ።

ድርቅ በእህሉ ጤንነት ላይም ጥላውን ያጠላል። ሙቀትና የውኃ እጥረት ሲበረቱ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጨው ሻጋታ ይስፋፋል። መርዙ ከመኖ ወደ ላም ወተት ስለሚተላለፍ የአዮዋ ግዛት በ2012 ወተት እንዲመረመር አዝዟል። በተጨማሪም በድርቅ የተጎዳ አገዳ በታችኛው ክፍሉ ናይትሬት ስለሚያከማች ለከብት እንዲሁ ሲሰጥ ሊመርዝ ይችላል። ለዚህ የሚወሰደው ጥንቃቄ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማጨድ ወይም ገፈራ አድርጎ ማቆየት ነው።

ኪሳራውን ማን ይሸከማል?

በ2012 የአሜሪካ የሰብል መድን ለአርሶ አደሮች የከፈለው ካሳ ወደ 17 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ከመድኑ ዓረቦን በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚሸፍነው የፌዴራል መንግሥቱ ነው። በዚህ ሥርዓት በርካታ በቆሎ አምራቾች ከእርሻቸው ሳይፈናቀሉ ዓመቱን ተሻገሩ። ከብት አርቢዎች ግን መኖ ገዢዎች በመሆናቸው ጫናው በረታባቸው። የበቆሎ ዋጋ በአንድ ቡሼል ማለትም በ25 ኪሎ ግራም ገደማ ከ8 ዶላር በላይ ወጣ። መኖና ግጦሽ ያጡ አርቢዎችም ከብቶቻቸውን ለመሸጥ ተገደዱ። በ2013 መጀመሪያ የሀገሪቱ የከብት ብዛት ከ1952 ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። በከተማ ያለው ሸማች የድርቁን ክንድ የተረዳው በሥጋ ዋጋ ነው።

ለኢትዮጵያ አርሶ አደር

በቆሎ በኢትዮጵያ በምርት መጠን ከብርዕ ሰብሎች ቀዳሚ ነው። ምርታማነቱ በሄክታር 40 ኩንታል ገደማ በመሆኑ ከአሜሪካው በእጅጉ ያነሰ ቢሆንም የተክሉ ባሕርይ ግን አንድ ነው። እንደ ዝርያውና እንደተዘራበት ቀን ቢለያይም፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ የተዘራ በቆሎ ብዙ ጊዜ ፀጉር የሚያወጣው በነሐሴና በመስከረም መግቢያ ነው። ክረምቱ ቀድሞ ከወጣ ድርቁ የሚያገኘው እነዚያን ሁለት ሳምንታት ነው። ዝናቡ ቶሎ በሚያቆምበት አካባቢ ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ መምረጥ፣ ማሳውን በሙሉ በአንድ ቀንና በአንድ ዝርያ አለመሸፈን፣ እንዲሁም ያለችውን ጥቂት የመስኖ ውኃ ለአበባው ጊዜ ማቆየት ጠቃሚ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መድንን በተመለከተ በ2009 በትግራይ ክልል አዲሓ በተባለ ቦታ ሁለት መቶ ገደማ ጤፍ አምራች ቤተሰቦች በዝናብ መጠን ላይ የተመሠረተ መድን ገብተው ነበር። እንዲህ ያለው መድን ካሳ የሚከፍለው ማሳው ተጎብኝቶ ሳይሆን በሳተላይት የተለካው ዝናብ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ነው። ወጪው ዝቅተኛ በመሆኑ ለአነስተኛ ይዞታ ይመቻል። ሆኖም ዝናቡ በቂ ሆኖ ሰብሉን ነፋስ ወይም በረዶ ቢያወድመው በዝናብ እጥረት ላይ ብቻ የተመሠረተው ውል ካሳ አያስገኝም። በመሆኑም መድን የሚገባ አርሶ አደር ውሉ የትኛውን አደጋ እንደሚሸፍንና ዝናቡ የሚለካው በየትኛው ወር መሆኑን፣ በተለይም ሰብሉ የሚያብብበትን ጊዜ ማካተቱን፣ ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ይኖርበታል።