በመቻራ ከተማ በአንድ ቤተ ሰብ የሚካሔድ የኮምፒዩተር ጥገና ሥራ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በምዕራብ ሐረርጌ በመቻራ ከተማ አንድ ቤተ ሰብ በትንሽ ሱቅ የሚያካሒደውን የኮምፒዩተር ጥገና ሥራ ለአንባብያን መግለጽ ነው። ስለ ሸማኔ፥ ስለ ሸክላ ሠሪና ስለ ብረት ቀጥቃጭ ሲጻፍ የቤቱን አሠራር፥ የመሣሪያውን ስምና ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን መንገድ መመዝገብ የተለመደ ነው። የኮምፒዩተር ጥገና ግን አዲስ ሥራ በመሆኑ እንደ ሞያ ሳይቈጠር ይታለፋል። እኛ በክረምት ዕረፍት ወራት በሱቁ እየረዳን የተመለከትነውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን። ቤተ ሰቡ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አልጠቀስነውም።

የቦታው ሁኔታ

መቻራ የዳሮ ለቡ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ 434 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው የዞኑ ዋና ከተማ ጭሮ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስትገኝ፥ መቻራ ግን ከዚያ ጎዳና ርቃ በስተ ደቡብ ትገኛለች። ሕዝቡ በግብርና የሚኖር ሆኖ ማሽላና በቆሎ ለምግብ፥ ቡናና ጫት ለገበያ ያመርታል። በከተማዋ የወረዳ መሥሪያ ቤቶች፥ ትምህርት ቤቶችና የመቻራ የግብርና ምርምር ማዕከል አሉ። ለጥገና የሚመጡት ኮምፒዩተሮችም በብዛት የመምህራን፥ የጸሐፊዎች፥ የነጋዴዎችና የተማሪዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኮምፒዩተር ከተሰጠ ወዲህ፥ ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ተማሪ እንኳ ጣቱን ለማለማመድ ሲል ወደ ሱቁ መምጣት ጀምሯል።

የቦታው ርቀት በሥራው ላይ ትልቅ ተጽዕኖ አለው። በመቻራ የማይገኝ ዕቃ በቅድሚያ በጭሮ ይጠየቃል፤ ከዚያ ከታጣ ከድሬዳዋ ወይም ከአዲስ አበባ በሚመጣ መኪና ይላካል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ጠጋኙ የተበላሸውን ክፍል ነቅሎ አዲስ ሲተካ፥ የመቻራው ጠጋኝ ያንኑ ክፍል ከፍቶ ለማዳን ይገደዳል።

ቤቱና የሥራው ክፍፍል

ሱቁ ከመኖሪያ ቤቱ ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ክፍል ነው። በመካከሉ ጎማ የተነጠፈበት ጠረጴዛ አለ፤ በላዩም ልዩ ልዩ ካቻቢቴዎች፥ ቴስተር፥ ሊድ የሚያቀልጥ ካውያ፥ የቀለም ብሩሽና አቧራ የሚያራግፍ ብሎወር ይቀመጣሉ። በግድግዳው መደርደሪያ ላይ የሞቱ ኮምፒዩተሮች ተደርድረዋል። እነዚህ እንደ ቆሻሻ አይታዩም፤ ከእነርሱ ማራገቢያ፥ ማጠፊያ፥ የቁልፍ ሰሌዳና ብሎን ይነቀላል። በአንዱ ጥግ ፎቶ ኮፒና ፕሪንተር ይገኛሉ። በጥገና ብቻ የቤቱ ወጪ ስለማይሸፈን የየቀኑ ገንዘብ በአብዛኛው የሚገኘው ከፎቶ ኮፒና ማመልከቻ ከመጻፍ ነው።

አባትየው ቀድሞ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ስለ ኮምፒዩተር በትምህርት ቤት ባይማሩም የኤሌክትሪክን መንገድ በቴስተር እየተከተሉ ብልሽቱ ያለበትን ቦታ መለየት ያውቃሉ። ትልቁ ልጅ በቴክኒክና ሞያ ተቋም የተማረ ስለሆነ ፕሮግራም መጫንና ፎርማት ማድረግ የእርሱ ሥራ ነው። እናትየው ገንዘቡንና ፎቶ ኮፒውን ይቈጣጠራሉ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጅ ከትምህርት መልስ ዕቃ ትረከባለች፤ የባለቤቱን ስም፥ የዕቃውን ዓይነት፥ ባለቤቱ ስለ ብልሽቱ የተናገረውንና በመጨረሻ የተደረገለትን ጥገና በደብተር ትጽፋለች። እንግዲህ እንደ ቀድሞው የእጅ ሞያ ሁሉ ዕውቀቱ በቤተ ሰብ ውስጥ ይኖራል፤ ነገር ግን ከአባት ወደ ልጅ ብቻ አይወርድም። ስለ ካፓሲተር አባት ለልጅ ያስረዳሉ፤ ስለ ቫይረስ ደግሞ ልጅ ለአባቱ ያስረዳል።

ብልሽቱና ጥገናው

በሱቁ ከሚታዩት ብልሽቶች ብዙዎቹ በሦስት ምክንያቶች ይጠቃለላሉ።

አንደኛው የኤሌክትሪክ ኀይል ነው። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፥ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ ይህን ወደ 12፥ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ይለውጠዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኀይሉ ለአጭር ጊዜ ከመጠን በላይ ከፍ ሊል ይችላል፤ በዚህን ጊዜ ፊውዙ ይቃጠላል ወይም ካፓሲተሩ ያብጣል። አባትየው ክዳኑን ከፍተው በቅድሚያ የሚያደርጉት ማሽተትና አናቱ ያበጠ ካፓሲተር መፈለግ ነው። ቀጥሎም በቴስተር ይለካሉ። ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ መብራት በድንገት ሲጠፋበት በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ሊበላሽ ስለሚችል ስታቢላይዘር ብቻውን አይበቃም፤ ስታቢላይዘር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኀይል አያጠራቅምም። ኀይል የሚያጠራቅመው ዩ.ፒ.ኤስ. ነው። ይህን ልዩነት ለደንበኛ ማስረዳት ራሱ የሱቁ ሥራ ሆኗል።

ሁለተኛው አቧራና ሙቀት ነው። አቧራ ማራገቢያውን ሲደፍነው፥ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባው ቅባትም ሲደርቅ፥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ኮምፒዩተሩ ራሱን ለማዳን መጀመሪያ ይዘገያል፤ ቀጥሎ ይጠፋል። ባለቤቱ «ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ያመጣዋል፤ መድኀኒቱ ግን ብሩሽና አዲስ ቅባት ነው። እንዲሁም ራም የሚባለው ክፍል ጥርሱ ሲቈሽሽ ማያው ጨለማ ይሆናል። ይህን ጊዜ ጥርሱን በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጎ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሰዓቱና ቀኑ መብራት በጠፋ ቍጥር ወደ ኋላ የሚመለስበት ኮምፒዩተር ደግሞ ያለቀበት እንደ ሳንቲም ያለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት።

ሦስተኛው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚተላለፈው ቫይረስ ነው። በተማሪዎች ዘንድ የታወቀው «ሾርትከት» የሚባለው ሲሆን፥ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ አሳሳች ምልክት ያስቀምጣል። ተማሪው ምልክቱን ሲከፍት ቫይረሱን ራሱ ያስነሣዋል። ፋይሉ የጠፋ ስለሚመስል ብዙ ሰው ፍላሹን ፎርማት አድርጎ ጽሑፉን በገዛ እጁ ያጠፋል። ፋይሉ ግን የተደበቀ እንጂ የጠፋ ስላልሆነ ቫይረሱን አጽድቶ ፋይሉን ከተደበቀበት ማውጣት ይቻላል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በፍላሽ ለምትይዙ ጓደኞቻችን ይህ ሊታወቅ የሚገባ ነገር ነው።

የፊደል ጉዳይ

በመቻራ በአብዛኛው የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ሲሆን የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ያለ ችግር ይነበባል። አማርኛው ግን ሌላ ታሪክ አለው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ጸሐፊዎች ይጠቀሙባቸው የነበሩት የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ የቀድሞ እትሞች የየራሳቸው የኮድ አሰጣጥ ነበራቸው። ስለዚህ የድሮ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጕም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። ጠጋኙ ኮምፒዩተሩን ፎርማት አድርጎ የድሮውን ፎንት ሳይመልስ ቢቀር ጸሐፊው «መዝገቤ ተበላሸ» ብሎ ይደነግጣል። ይህ ሱቅ ከፎርማት በፊት ያሉትን ፎንቶች በዝርዝር ጽፎ የሚያስቀምጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋና መተማመን

መርምሮ ብልሽቱን ለማወቅ አይከፈልም፤ ካልተሠራም አይከፈልም። የተለወጠው አሮጌ ክፍል ለባለቤቱ ተመልሶ ይሰጣል፤ ይኸውም በእርግጥ መለወጡን እንዲያይ ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ በብር ሲታሰብ በጣም ስለ ተወደደ፥ ደንበኛው ከመለወጥ ይልቅ መጠገንን ይመርጣል። የጠጋኙ ድካም በዚያው መጠን ቢጨምርም የእጅ ዋጋው ግን እንደ ዕቃው ከፍ አላለም።

ከገንዘቡ የሚበልጠው መተማመን ነው። አንዲት እናት የሟች ልጃቸውን ፎቶግራፍ የያዘ ኮምፒዩተር አምጥተው፥ «ልጄ፥ ሌላው ቢቀር ግድ የለም፤ ሥዕሉ ብቻ አይጥፋብኝ» ሲሉ ልጅቱ፥ «እማማ፥ እርስዎ ባሉበት ነው የምንገለብጠው» ብላ አስቀመጠቻቸው። የቤቱ ሕግ ይህ ነው፤ የሰው ፎቶግራፍና ደብዳቤ ባለቤቱ በሌለበት አይከፈትም፤ ቅጅውም በሱቁ አይቀርም። የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 ሳይወጣ በፊት ቤተ ሰቡ ይህን ያወጡት በአንድ ከተማ እየኖሩ ሐሜትን በመፍራት ነበር።

ወደ ፊት የሚያሳስበው

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛው ድጋፍ ቆሞለታል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፥ በሱቁ ከሚታዩት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ በሕጋዊው መንገድ አይቀበሉትም። አካላቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጊዜ አለፈባቸው ማለት ነው። ትልቁ ልጅ ለአንዳንዶቹ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ይጭናል፤ ነገር ግን የለመዱትን መተው ለጸሐፊዎች ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ በአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ የላጲሱ ጥበብ አይሠራም።

የጤና ጉዳይም አለ። የተለመደው ሊድ እርሳስ የተባለው ብረት ስላለበት እጅ ሳይታጠቡ መብላት፥ ይልቁንም ለሕፃናት፥ አደገኛ ነው። ጭሱም መስኮት በተከፈተበት ቦታ ሊወጣ ይገባዋል። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪም ከቆሻሻ ጋር መጣል ወይም መበሳት የለበትም፤ እሳት ያስነሣልና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ዕውቀቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የአባትየው ዓይን እየደከመ ነው፤ ትልቁ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ለመሔድ ያስባል። ጎረቤቶች ሱቁ ከዚያ በኋላ ይዘጋል ይላሉ። እኛ ግን ደብተሩን አገላብጠን እንደተመለከትነው፥ በውስጡ የብልሽቱ ምልክት፥ ምክንያቱና መድኀኒቱ በተራ ተጽፎ ይገኛል። አንዳንዱን መድኀኒት አባትና ወንድም ያላገኙትን ልጅቱ የቀድሞውን ገጽ ገልጣ አስታውሳቸዋለች። እርሷ እስካሁን የምትቈጠረው እንደ ዕቃ ተረካቢ እንጂ እንደ ባለሞያ አይደለም።

የእጅ ሞያ ጥናት የሚያካሒዱ ጓደኞቻችን በየከተማቸው ያሉትን እንዲህ ያሉ ደብተሮች ቢፈልጉ፥ የቴክኒክ ተቋማትም ከእነርሱ የመማሪያ ጽሑፍ ቢያዘጋጁ ይጠቅማል እንላለን። ደብተሩ ካውያውን ሊተካ አይችልም፤ ነገር ግን ካውያውን የሚይዘው ሰው ሲለወጥ ሥራው ከመጀመሪያው እንዳይጀመር ያደርጋል። በመቻራም ያን ካውያ ቀጥሎ የሚይዘው ማን እንደሚሆን ደብተሩን የጻፈው እጅ ያመለክታል።