የካሜራ ሌንስ

የካሜራ ሌንስ ከአንድ ነገር የሚመጣውን ብርሃን አጥፎ በፊልም ወይም በሴንሰር ላይ ጥርት ያለ ምስል እንዲያርፍ የሚያደርግ የካሜራ ክፍል ነው። በተለምዶ አንድ «ሌንስ» ተብሎ ቢጠራም፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቱቦ ውስጥ የተደረደሩ በርካታ መስታወቶች ስብስብ ነው።

የምስል ግድፈቶች

ብቻውን የቆመ አንድ መስታወት ፍጹም ምስል አይሰጥም። ሰማያዊ ብርሃንን ከቀይ ብርሃን ይበልጥ ስለሚያጥፍ በምስሉ ላይ ባሉ ነገሮች ጠርዝ የቀለም ጥላ ይፈጠራል። በዳሩ በኩል የሚያልፈው ብርሃንም በመሃሉ ካለፈው ጋር አንድ ነጥብ ላይ አይገናኝም። ንድፍ አውጪው የአንዱን መስታወት ግድፈት በሌላው ያጣፋል። ለዚህም የመስታወቱን ዓይነት፣ ጉብጠትና ውፍረት እንዲሁም በመካከል ያለውን ርቀት ይመርጣል።

ንድፍ

እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ በሆነው የዳጌር ካሜራ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ጥቂት ስለነበር ተነሺው ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1840 ጆሴፍ ፔትስቫል በቪየና እጅግ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ የቁም ምስል ማንሻ ሌንስ በሂሳብ ስሌት ነደፈ። ዛሬ ይህን ስሌት ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ ጥራትን ከክብደትና ከዋጋ ጋር ማመዛዘን ግን አሁንም የሰው ውሳኔ ነው።

ጥሩ ንድፍ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1896 የዛይስ ኩባንያው ፓውል ሩዶልፍ ስድስት መስታወት ያለውን ፕላናር ነደፈ። ግድፈቱ በሚገባ የታረመ ነበር፤ ነገር ግን አየር የሚነካቸው ስምንት ገጾች ነበሩት። ልባጥ የሌለው እያንዳንዱ ገጽ ቢያንስ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። ስለዚህ ከሩብ በላይ የሚሆነው ብርሃን ይባክናል፤ ከፊሉም በገጾቹ መካከል እየተንጸባረቀ ምስሉን ያደበዝዛል። ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጣው ባለ አራት መስታወቱ ቴሳር እንዲህ ያሉ ገጾች ስድስት ብቻ ስለነበሩት በሰፊው ተወደደ። እ.ኤ.አ. በ1935 አሌክሳንደር ስማኩላ በዚያው በዛይስ ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ልባጥ ፈለሰፈ። ልባጡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲስፋፋ የፕላናር ዓይነት አደራደር ለብዙዎቹ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንሶች መሠረት ሆነ።

አመራረት

የቀለጠው መስታወት ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ከተቸኮለ በውስጡ ውጥረት ይቀርና ብርሃኑን ያዛባል። ቀጥሎ ተቆርጦ ይሞረዳል፣ ሴሪየም ኦክሳይድ በተባለ ዱቄትና በውሃም ይወለወላል። የገጹ ስህተት ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ማነስ አለበት። ከዚያም መስታወቱ መሃሉን እንዲጠብቅ ዳሩ ይስተካከላል፤ አየር በወጣለት ክፍል ውስጥም እንደ ማግኒዚየም ፍሎራይድ ያለ ልባጥ ይለበሳል። በመጨረሻ በቱቦው ውስጥ ይገጣጠማል። አንዱ መስታወት በጥቂቱ ቢያዘነብል እንኳ የምስሉ አንድ ወገን ሊደበዝዝ ስለሚችል፣ ሌንሱ ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት ይፈተሻል።

ማሻሻል

አምራቾች ሌንስን የሚያድሱት ሁልጊዜ መስታወቱን በመለወጥ አይደለም። የካነን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የመጀመሪያው የብረት መግጠሚያ ነበረው፤ የ1990ው ሁለተኛ ዓይነት በፕላስቲክ ተተካ። በ2015 የወጣው ኤስቲኤም የብረት መግጠሚያውን መለሰ፣ አዲስ የትኩረት ሞተርም አገኘ፤ የብርሃን መግቢያው ስለቶችም ከአምስት ወደ ሰባት ከፍ አሉ። በአምስት ቡድን የተደረደሩት ስድስት መስታወቶች አቀማመጥ ግን አልተለወጠም። በ2020 መስታወት አልባ ለሆኑት ካሜራዎች (መስታወት ሲባል ምስሉን ወደ ዓይን የሚመልሰው ነው) የወጣው የአርኤፍ ሌንስ ደግሞ ከመስታወቶቹ አንዱ ከክብ ቅርጽ የወጣ ገጽ አለው።

የዘመኑ ሌንሶች ሞተርና አነስተኛ ኮምፒውተር ስላላቸው፣ ከተሸጡ በኋላም የትኩረታቸው አሠራር በሶፍትዌር ሊታደስ ይችላል። የመስታወቱን ጥራት ግን ሶፍትዌር አይለውጠውም። ስለዚህ አዲስ ዓይነት ሲወጣ መስታወቱ፣ ልባጡ፣ ሞተሩ ወይስ ቅርፊቱ ብቻ እንደተለወጠ ማጣራት ለገዢ ይጠቅማል።