ጨረርም በልክ ይሰፋል!

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬን አንገቷን ደፍታ አገኘኋት። ምን ሆነሽ ብላት፣ አክስቷ በካንሰር ምክንያት ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ አሁን ጨረር ታዞላታል። «ያቃጥላታል እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ልናገርና፣ ጨረር ሲባል ለእኔም የሚታየኝ እሳት ነበር። እናም ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዛት የሚሰጠው ጨረር ጉልበቱ የሚበረታው ቆዳው ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ ነው። በሽታው ጥልቅ ከሆነ እሰየው፣ ቆዳ ይተርፋል! ቆዳው ላይ ከሆነስ? ያኔ ባለሙያዎቹ ቆዳው ላይ ቦለስ የሚባል ንጣፍ ያስቀምጣሉ። ጨረሩ ንጣፉን እንደ ሥጋ ቆጥሮ ከዚያው ይጀምርና ቆዳው ጋ ሲደርስ ይበረታል።

ችግሩ ንጣፉ ጠፍጣፋ ነው፤ ሰው ደግሞ ጠፍጣፋ አይደለም! አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ጠባሳ ያለበት ደረት... ልክ ያልሆነ ኮት ትከሻ ላይ እንደሚነፋው በመሐል አየር ይገባል። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ቆዳው የሚያገኘው ጨረር ይቀንሳል።

ታዲያ ኮት አልሆን ሲል የት ይኬዳል? ልብስ ሰፊ ጋ! እዚህ ልብስ ሰፊው ባለ ሦስት አውታር ፕሪንተር ነው። ሲቲ ስካን ልክ ይወስዳል፣ ኮምፒዩተር ይነድፋል፣ ፕሪንተሩ ፕላስቲክ እየደራረበ ለዚያች ታማሚ ገላ ብቻ የሚሆን ንጣፍ ይሠራል። የካናዳዋ ሃሊፋክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ጡታቸው የወጣላቸው 16 ሴቶች ላይ ሁለቱንም ሞክረዋል። 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ክፍተት በተለመደው ንጣፍ ከመቶ 30 ጊዜ ሲታይ፣ በልክ በታተመው ወደ 13 ወርዷል።

ፕሪንተሩ በራሱ ካንሰር አያድንም። ጨረሩ የታለመለት ቦታ እንዲደርስ ያግዛል እንጂ።

ለጓደኛዬ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ጨረሩ ሲሰጥ እንደ ራጅ ነው፣ አያምም። ከቀናት በኋላ ግን ቆዳው ሊቀላ፣ ሊላጥ ይችላል፤ ቦለስ ካለ ይበልጥ። ይህንን ለሐኪም መንገር እንጂ በራስ ቅባት መሞከር አይገባም። አክስትሽ ከከሳች፣ ንጣፉ ከላላ ወይም ከተንሸራተተ ባለሙያዎቹን ላስቸግራቸው ብላ ዝም አትበል። ጠባብ ጫማ አድርገን ሱቁን የምንጨቀጭቅ ሰዎች፣ ነፍሳችን ላይ ሲሆን ማፈር አለብን እንዴ?

ጓደኛዬ ሳቀች። «በሚቀጥለው አብሬያት እገባና እጠይቃለሁ» አለች። ጎበዝ!