ቁርስ ሲዘለል ራስ ለምን ያማል?

በዶርማችን ስድስት ነን። ከመሀላችን ቁርስ ሳይቀምስ ክላስ ገብቶ እስከ ምሳ ምንም የማይሰማው ልጅ አለ። እኔን ግን ረፋዱ ላይ ግንባሬን ጨምድዶ ይይዘኛል። የበላነው ራት አንድ ነው፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ሒሳቡን ከማታው እንጀምር። ማታ 1 ሰዓት ራቱን የበላ ተማሪ ቁርስ ከዘለለ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ያለ ምግብ 15 ሰዓት ሞላው ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር በጾም የሚመጣን ራስ ምታት ለብቻው መዝግቦታል። መለኪያው ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበሉ መቆየትና ሲበሉ መሻል ነው።

ብዙዎቻችን «ስኳሬ ወርዶ ነው» እንላለን። ነገር ግን ጤነኛ ሰው ሳይበላ ሲቆይ ጉበቱ ያጠራቀመውን ስኳር ስለሚለቅ የደሙ ስኳር በቀላሉ አይወርድም። ራስ ምታቱ ግን ስኳሩ ሳይወርድም ይመጣል። ተመራማሪዎች ዛሬም በአንድ ምክንያት አልተስማሙም።

ማንን እንደሚይዝ ግን ፍንጭ አለ። በእስራኤል ተሠርቶ በ1995 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት የዮም ኪፑርን ጾም የጾሙ የሆስፒታል ሠራተኞችን ጠይቆ ነበር። ከጾሙት 39 በመቶውን፣ ካልጾሙት ደግሞ 7 በመቶውን ብቻ ራሱን አሞታል። ጾሙ በረዘመ ቁጥር ሕመሙ ይበዛል፤ ይበልጥ የተጠቁትም ድሮውንም ራስ ምታት የሚያዘወትራቸው ናቸው። ማይግሬን ያለበት ሰው ምግብ ሲዘል የሚነሳበትም ለዚህ ነው። ስለዚህ «አመመኝ» የሚለውን ጓደኛችንን «አታካብድ» ባንለው ጥሩ ነው።

ቡናም አለ። በየቀኑ ቡና የለመደ ሰው ቁርስ ሲዘል ቡናውም አብሮ ይቀራል። ካፌን የአንጎልን የደም ሥሮች ያጠባል፤ ሲቀር መልሰው ይሰፋሉ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ሊጀምር ይችላል። ቡና ቀምሶ ከተሻለው የጎደለው ምግብ ሳይሆን ሱሱ ሊሆን ይችላል።

አሳሳቢው ነገር በባዶ ሆድ የሚዋጠው ኪኒን ነው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ይጎዳሉ፤ ማስታገሻ ማዘውተርም ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። መጀመሪያ ውኃ እንጠጣ፣ ዳቦም ቢሆን እንቅመስ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ምግብ መዝለል ለሕይወቱ ያሰጋዋል፤ ከተንቀጠቀጠና ካላበው ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይስጡት። ድንገት የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ ወይም ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ ከሆነ ደግሞ የቁርስ ጉዳይ አይደለም፤ ቶሎ ወደ ክሊኒክ!