ሥጋቱና ቁጥሩ ያልተገናኙባት ከተማ

ሴፕቴምበር 5 ቀን 1989 ምሽት (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትዬው) ከዋይት ሀውስ ሆነው በቴሌቪዥን ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር አደረጉ። በንግግሩ መሐል አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ከፍ አድርገው አሳዩ። ክራክ ኮኬይን ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ካለው ከላፋዬት ፓርክ የተያዘ ነው አሉ። ነገሩ ውሸት አይባልም፤ እውነት ለማለትም ይቸግራል። ዋሽንግተን ፖስት ብዙም ሳይቆይ እንዳጋለጠው፣ ለንግግሩ ማሳያ ስለተፈለገ የ18 ዓመቱን ሻጭ አባብለው ወደ ፓርኩ ያመጡት ራሳቸው የፌዴራል ፀረ ዕፅ ወኪሎች ነበሩ። ልጁ ዋይት ሀውስ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም ነበር።

በዚያው ወር ኒው ዮርክ ታይምስና ሲቢኤስ ሕዝቡን ሲጠይቁ 64 በመቶው የአገሪቱ ዋና ችግር ዕፅ ነው አለ። በቀጣዩ ዓመት ኢራቅ ኩዌትን ወረረች፤ ካሜራው ወደ ባሕረ ሰላጤው ዞረ፤ እንዲህ የሚለው ሰው ቁጥርም አሽቆለቆለ። የዋሽንግተን ዲሲ ሬሳ ግን አልቀነሰም። በ1985 ከ150 በታች የነበረው ዓመታዊ የግድያ ቁጥር በ1991 ወደ 480 ተጠጋ፤ ያውም ነዋሪዋ 600 ሺህ ገደማ በሆነች ከተማ። አገሩ በጣም የፈራው ግድያው ጣራ ከመንካቱ በፊት ነው፤ ጣራ ሲነካ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈራ ነበር።

ግድያው ለምን በዛ? ክራክ፣ የሚጨሰው የኮኬይን ዓይነት፣ ርካሽ ነው፤ በጥቂት ዶላር ይገዛል፤ የወሰደው ሰው ወዲያው ይመለሳል። ስለዚህ ሽያጩ ጎዳና ላይ ዋለ፤ ጥሩ ጥግ የያዘ ገንዘብ አፈሰ። ጥጉን የተነጠቀ ደግሞ የሚከስበት ፍርድ ቤት የለውም፤ የሚዳኘው በሽጉጥ ነው። በሰሜን ምሥራቁ የከተማው ክፍል ገበያውን የያዘው ሬይፉል ኤድመንድ በ1989 ሲታሰር ገና 24 ዓመቱ ነበር። ለፍርድ ሲቀርብ የጁሪዎቹ ስም ተደበቀ። በጃንዋሪ 1990 ከንቲባው ማሪዮን ባሪ ራሳቸው ክራክ ሲያጨሱ በድብቅ ካሜራ ተቀርጸው ተያዙ። እንዲህ ያለ ከተማ «የግድያ መዲና» ቢባል ማን ይከራከራል?

ይሁንና ሟቾቹ በአብዛኛው ወጣት ጥቁር ወንዶች ነበሩ፤ የሞቱትም በተወሰኑ ሰፈሮች፣ በተለይም ከአናኮስትያ ወንዝ ማዶ ነው። የሀብታሞቹ ሰፈር ጆርጅታውን በዚያው ዓመት ወይኑን ይጠጣ ነበር። ፍርሃቱ ግን ለሁሉም ደረሰ፤ እንዲያውም ከጥይቱ በራቀ ቁጥር ቅጥ አጣ። ከወንዙ ማዶ ያለች እናት የምትፈራው የትኛውን ጥግ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቃለች። ከከተማ ዳር ሆኖ ዜና የሚያይ ሰው ግን የሚፈራው ሰፈሩን በሙሉ ነው፤ ብሎም የዚያችን እናት ልጅ ራሱን።

የእኛም ሰው ከዚህ ነፃ አልነበረም። ከደርግ ሸሽቶ ዲሲ የገባው ሐበሻ ብዙው አዳምስ ሞርጋን አካባቢ ከተመ፤ ታክሲ የነዳውም ቀላል አይደለም። ሌሊት የሚነዳ ሰው ከኋላው ማን እንደተቀመጠ ማሰቡ አይፈረድበትም፤ የተዘረፈም የተገደለም አለ። ግን ጥቁር ተሳፋሪን አልፎ መሄድ፣ «አናኮስትያ አልሄድም» ማለት በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ክልከላውን ከጣሱት መሐል የእኛም ልጆች አሉበት። ራሳቸው ጥቁር የሆኑ ሰዎች ጥቁርን ፈርተው ማለፋቸው፣ ስለዚያ ዘመን ስንጨዋወት ቶሎ የምንዘልለው ወሬ ነው። በሌላ በኩል ያ ፍርሃት በር ከፍቶልናል። ዩ ስትሪት የተባለውን ጎዳና ዕፅና የሜትሮ ባቡር ቁፋሮ ተባብረው ባዶ ባደረጉት ጊዜ ኪራዩ የሚቀመስ ነበር። በዘጠነኛው መንገድ ላይ የእንጀራ ቤቶች የበዙትም ሌላው ገና እየሸሸው ሳለ ነው። ሰፈሩ ሲታመን ኪራዩ ናረ፤ ብዙዎቹም ከከተማዋ ውጭ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ አመሩ።

በ2012 የዲሲ ግድያ ወደ 88 ወረደ። በ2023 እንደገና 274 ደረሰ፤ በ2024 ወደ 187 ተመለሰ። ስሜት ይህን አይከተልም። በ2023 መጨረሻ የሕዝብ አስተያየት መዛኙ ጋሉፕ ሲጠይቅ 77 በመቶው በአገሪቱ ወንጀል ካምናው ጨምሯል አለ፤ በዚያው ዓመት ግን የአገሪቱ ግድያ እየወረደ ነበር። «በራስህ ሰፈርስ?» ሲባል ጨመረ የሚለው ወደ 55 በመቶ ይወርዳል። ዓይኑ በሚያየው ላይ ሰው ረጋ ይላል፤ የሚያስደነግጠው የሚሰማው ነው። በኦገስት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የዲሲን ፖሊስ በራሳቸው ሥር አድርገው ብሔራዊ ዘብ ሲያሰማሩም የከተማዋ የወንጀል ቁጥር በመውረድ ላይ ነበር።

ፍርሃት ያልፋል፤ በፍርሃት የወጣ ሕግ ግን በዚያው ፍጥነት አይሻርም። በጁን 1986 በቦስተን ሴልቲክስ በተመረጠ በሁለተኛ ቀኑ ሌን ባያስ የተባለው የሜሪላንድ የቅርጫት ኳስ ኮከብ ሞተ። ብዙዎች ክራክ ገደለው ብለው አመኑ፤ የገደለው የዱቄት ኮኬይን ነው። በወራት ውስጥ ኮንግረስ ሕግ አወጣ፦ 5 ግራም ክራክ የያዘ ሻጭ 500 ግራም ዱቄት ከያዘው ጋር እኩል፣ ቢያንስ አምስት ዓመት ይታሰር። በክራክ የታሰረው በአብዛኛው ጥቁር ነው። በ2010 ልዩነቱ ከ100 ለ1 ወደ 18 ለ1 ዝቅ አለ። በ2021 የተወካዮች ምክር ቤት እኩል ይሁን ብሎ በ361 ድምፅ ለ66 አሳለፈው፤ ሴኔቱ ግን አላጸደቀውም።